ናሙና መላሿ

በሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ሁሉም «መልሱት» ይላታል፤ ሲፈሯት «እትዬ መልሱት»፣ ሲጠሏት ባዶውን «መልሱት»። ስሙን ያተረፈላት መስኮቷ ነው። የባክቴሪያ ምርመራ ክፍላችን ከምድር በታች ባለው ፎቅ፣ ከደረጃው ሥር ነበር። በሩ አጠገብ ተንሸራታች መስታወት ያላት ጠባብ መስኮት አለች፤ ከየዋርዱ የሚመጣው ሽንት፣ ደም፣ አክታና መግል በዚያች በኩል ነው የሚገባው። እሷ ከመስኮቷ ኋላ ተቀምጣ ዕቃውን ወደ ብርሃን ከፍ ታደርግና አገላብጣ ታየዋለች። ክዳኑ ካፈሰሰ፣ የማን እንደሆነ ካልተጻፈበት፣ አክታ ተብሎ ምራቅ ከመጣ፣ «መልሱት» ትላለች። ለምን ብሎ ለሚጠይቃት አንድ ጊዜ ታስረዳለች። ደግሞ ለሚጠይቃት መስታወቱን ትዘጋለች።

እኔ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እወዳት ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ሥራዋን አይቻለሁ፤ ስለ ሥራዋ ክፉ አልናገርም። ጥፋት ሁሉ የሚጀምረው ከናሙናው ነው ትል ነበር። ናሙናው ከተበላሸ ጀርም በምናበቅልበት ሳህን ላይ የወጣው የበሽተኛው ጀርም ይሁን የነርሷ እጅ ማን ያውቃል? ሐኪሙ ግን የላክንለትን ውጤት አምኖ መድኃኒት ያዛል። ነገሯ እውነት ነበር። ሰውን ያቃጠለው አነጋገሯ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሐኪም የመለሰችበትን የሽንት ዕቃ ይዞ ራሱ ወረደና የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸባት። አስጨርሳ ሰማችው። ከዚያ ንጹሕ ዕቃ በመስኮቱ አውጥታ ሰጠችውና፣ በሽተኛው እንቢ ካለህ የራስህን ሞልተህ ና፣ ከዚህ የተሻለ ይሆናል አለችው። ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንደበቱ ቁጥብ፣ ጠብ የማይወድ ሰው። የባሏ እህት ደግሞ የእኛው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ ዋና ነርስ ነበረች፤ ከእኛ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ። ወንድሟን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ያገናኘችው ራሷ ናት፤ ኋላ ግን በዚያ ሥራዋ ራሷን ስትረግም ሰምቻታለሁ።

የጠባቸው መነሻ ያን ያህል ትልቅ ነገር አልነበረም። መልሱት ገና ሙሽራ ሳለች፣ ከሥራ በቀጥታ አማቷ ቤት ሄደች። አሮጊቷን ጨበጠቻቸው፤ ከዚያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች። ልማዷ ነው። አማቷ ግን «እኔን ጨብጣ ታጠበች» ብለው ያዙት። ለእርስዎ አስባ ነው፣ ከጀርም መሀል ነው የምትውለው ተብለው ቢለመኑም አልሰሙም። ለእኔማ ብታስብ ከመጨበጧ በፊት ነበር የምትታጠበው አሉ። እውነት ለመናገር ነገራቸው ያስኬዳል። ከዚያ ወዲያ ብታበስልም፣ ብትላላክም፣ ብታስታምምም አልተፋቀላትም። ሴት ልጃቸውም ከእናቷ ጎን ቆመች። ከመልሱትም በበኩሏ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም፤ የታጠበ እጅ ይቅርታ አይጠየቅበትም ባይ ናት። እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ዓመታት አለፉ።

አሮጊቷ የወደቁት በራሳቸው ቤት ደጃፍ፣ ዝናብ ባረጠበው ደረጃ ላይ ነው። የታፋቸው አጥንት ከዳሌያቸው ሥር ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ብረት ገባላቸው፤ በልጃቸው ዋርድም ከመስኮቱ በኩል ያለችው ጥሩዋ አልጋ ተሰጠቻቸው። ዋና ነርሷ እናቷን ለሌላ ሰው አላስነካም አለች። ገላቸውን የምታጥብ እሷ፣ ቁስሉን የምትጠርግ እሷ፣ ፋሻውን የምትቀይር እሷ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። ከዚያ የተሰፋው ቦታ መቅላትና ማበጥ፣ ቀጥሎም ማዠት ጀመረ። ትኩሳትም መጣ።

ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ይመርመር ብሎ አዘዘ። ዋና ነርሷ በጠዋት ቁስሉን ስትጠርግ ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት ከላይ ከላዩ ነካ ነካ አደረገችና በመያዣው ከትታ የነርሶቹ ክፍል መስኮት ደፍ ላይ አኖረችው። ተላላኪው በሌላ ሥራ ተይዞ ኖሮ እኛ ዘንድ ያወረደው ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐይ ሲመታው አርፍዶ ጥጡ ክብሪት መስሏል።

መልሱት ወደ ብርሃን አነሣችው። ስሙን አነበበች። በክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ የማን እንደሆነ ገብቶን ነበርና እጃችንን ከሥራ አቁመን እናያታለን።

«ደርቋል» አለች። «መልሱት።»

ተላላኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የማን እናት እንደሆኑ ሊነግራት ሞከረ። መስታወቱን ዘጋችው።

እኔም አላስቻለኝም። ሳህን ላይ አድርጊው፣ ካልበቀለ አልበቀለም፣ ምን ይጎዳሻል አልኳት። ዛሬ ለአማቴ ብዬ ደረቅ ጥጥ ብቀበል ነገ የሌላውን ሰው እናት በምን አፌ እመልሳለሁ አለችኝ። ይህም እውነት ነበር። ግን ስትናገረው ፊቷ ላይ ያየሁት ለእውነት መቆርቆር ብቻ አልነበረም። ስንት ዓመት ሲያንገበግቧት የኖሩ ሰዎች ደጇ መጥተው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዋና ነርሷ ራሷ ወረደች። ከደረጃው የጫማዋ ድምፅ ሲመጣ ገና ንዴቷ ይሰማ ነበር። መስታወቱን በጥፍሯ ቆረቆረችው።

«እናቴን ነው የመለስሽው» አለቻት።

«ጥጥ ነው የመለስኩት። ቁስሉን አጥበሽ ከውስጥ በኩል አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ወዲያው እሠራዋለሁ።»

«ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ብታውቂውማ ፀሐይ ላይ አታሰጪውም ነበር።»

ዋና ነርሷ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። ሌላ ናሙና ግን አላከችም። ለሐኪሙ ላብራቶሪው አልቀበልም ብሏል ብላ ነገረችው። እሱም በሽተኛ በዝቶበት ኖሮ የተለመደውን መድኃኒት ቀጥሉ ብሎ አለፈ።

ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ባሰ። ባልየው ነገሩን ከእህቱ ሰምቶ ነበር የገባው። መልሱት ኋላ እንዳጫወተችኝ አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። መቀሱን እንደያዘ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ለአንድ ቀን እንኳ ምራት መሆን አቃተሽ ወይ አላት። እሷም ምራትነት ጀርም አያበቅልም አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እንደ ሁለት ተከራይ ሆኑ። እሱ ከሥራው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሄድና እናቱን ጠይቆ፣ ሲመሽ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እሷ ስለ አሮጊቷ አትጠይቅም፤ እሱም አይነግራት።

የነገራት ሳያስበው ነው። አንድ ቀን እራት እየበሉ፣ የእናቱን ፋሻ ሲቀየር ማየቱን አነሣ። ጨርቁ ቀለም ለውጧል አለ። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ቀለም በግርድፉ አይናገርም። አረንጓዴ ነው ብሎ ጀመረና፣ አይ፣ አረንጓዴ አይባልም፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የሴቶች ሐር ሻርፕ ላይ የሚመጣው ዓይነት ነው አለ። ሽታውም እንደ መግል አይደለም፤ ጣፈጥ ያለ፣ የቆየ ወይን ፍሬ የሚመስል ነው።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ያ ቀለምና ያ ሽታ እኛ ክፍል ውስጥ ስም አለው። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ እርጥበት ባለበት ሁሉ የሚኖር፣ ብዙውን መድኃኒት የሚንቅ። አማቷ እየወሰዱ ያሉት የተለመደው መድኃኒት ደግሞ ከሚንቃቸው የመጀመሪያው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጓንት፣ ንጹሕ መያዣዎችና መርፌ በትሪ ላይ አድርጋ ስትወጣ አየኋት። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ወደ ዋርድ ስትወጣ ያየኋት ያን ቀን ነው። የናሙና ሣጥኑን ተሸክሜ ተከተልኳት፤ ሣጥኑ ቀላል ነበር፣ የወጣሁት ግን ጠቡ ሊያመልጠኝ ስላልፈለግሁ ነው።

ዋና ነርሷ በሩ ላይ ቆመች። አልጠበበችም፣ አልሰፋችም፤ ልክ በሩን ሆነች። የመጣሽው ለማን ነው አለቻት። ለበሽተኛዋ አለች መልሱት። በሽተኛዋ እናቴ ናት፣ እዚህ ዋርድ ውስጥ ደግሞ የማዝዘው እኔ ነኝ፣ ጥጥ መላሽ አያስፈልገንም አለች። ጠያቂዎች ሾርባቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ። የአስታማሚዎቹ ሹክሹክታ ከአልጋ አልጋ ይሄዳል። መልሱት ፊቷ ቀልቶ፣ ቁስሉ ውስጥ ያለውን እኔ አውቄዋለሁ፣ አንቺ በየቀኑ እያጠብሽው አላወቅሽውም አለች። ይህን ማለት አልነበረባትም። ዋና ነርሷ ትሪውን በእጇ ገፋችው፤ መያዣዎቹ ተንኳኩ።

አሮጊቷ ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ይሰሙ ነበር። ያን ጠዋት ከልጃቸው ጋር ተኳርፈዋል፤ ቤቴ ውሰጅኝ ብለው ለምነው እንቢ ብላቸዋለች። አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

«ትግባ» አሉ። «አንቺ አይሆንም ካልሽ ትግባ።»

«እማዬ፣ ይቺ እኮ ናት የመለሰችሽ።»

«ሰምቻለሁ። ትግባ አልኩ።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ለእኔ ብለሽ እንዳልመጣሽ አውቃለሁ። ቶሎ ጨርሽና ውረጂ።»

ተረኛው ሐኪም ተጠርቶ መጣ። ስፌቱን ከፈት ከማድረጉ በፊት ቁስሉ መታጠብ ነበረበት። ዋና ነርሷ እንደ ልማዷ ከቁስል መጥረጊያው ዕቃ ጋሪ ላይ ትልቁን ቡናማ ጠርሙስ አነሣች፤ ቁስል ማጠቢያ መድኃኒት ነው። መልሱት በዚያ አይሆንም፣ ናሙናውን ያበላሸዋል፣ ያልተከፈተ የጨው ውኃ፣ ሰላይን፣ ይምጣ አለች። ሐኪሙ ባልተከፈተው ሰላይን አጠበና ከቁስሉ ጥልቅ ቦታ ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ በመያዣው ውስጥ አኖረላት። አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነክሰው እሷን ብቻ እያዩ ነበር። አላለቀሱም። ትንሽ የተሳደቡ ይመስለኛል።

መልሱት ግን ዓይኗ ከጠርሙሱ አልተነሣም። አፉ አካባቢ የሚያዳልጥ፣ ንፍጥ የሚመስል ነገር ከቦታል። ይህ ጠርሙስ የሚታጠበው መቼ መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ዋና ነርሷ አይታጠብም፣ ሲጎድል እንሞላዋለን አለች። ሌላ ጠርሙስ ስጡኝ ብዬ ግምጃ ቤቱን ስለምን ከርሜአለሁ፣ የሰጠኝ የለም፣ ከፈለግሽ አንቺ ሂጂና ለምኚው ብላ ጨመረች። መልሱት መርፌዋን አውጥታ ከጠርሙሱ ቀዳችና በሌላ መያዣ አደረገችው።

«ደግሞ ሌባ ሆንሽ?» አለቻት ዋና ነርሷ።

መልሱት ትሪዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጸጥ ያለ ነው። ከሥጋው ቅንጣት ስላይድ ላይ ቀባች፣ ቀለም አስገባች፣ በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ቀጫጭን ቀይ ዱላዎች። የቀረውን ሳህን ላይ ዘረጋችና ማሞቂያው ውስጥ አስገባችው። ከጠርሙሱ የተቀዳውንም እንዲሁ። በማግሥቱ ሳህኖቹን ስንከፍት ሽታው ቀድሞ አፍንጫችን ውስጥ ገባ፤ ባልየው ያለው የወይን ሽታ። በሳህኑ ላይ ያለው የረጋው የጀርም ምግብም ከሥሩ አረንጓዴ ሆኗል። ከበቀለው ትንሽ ወስዳ መፈተኛ ወረቀት ላይ ስትቀባው ወዲያው ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። ጠርጥራው የነበረው ራሱ ነው። የጠርሙሱም ሳህን ያንኑ አበቀለ።

ግን ጀርሙ ማን እንደሆነ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚገድለው ማወቅ ሌላ። ለዚያ ደግሞ ሌላ ቀን ያስፈልጋል። ጀርሙን በአዲስ ሳህን ላይ እንደ ሣር እኩል አድርጋ ዘራችው፤ በላዩ ላይ እያንዳንዳቸው የተለያየ መድኃኒት የጠጡ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ደረደረች። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርሙ ሳይበቅል ይቀርና ጥርት ያለ ክብ ይወጣል። የማይሠራ ከሆነ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይመጣል። ክቡ ይለካና ከመመዘኛው ጋር ይነጻጸራል።

በነጋታው ማስመሪያዋን ይዛ ጎንበስ አለች። አሮጊቷ ሲወስዱት የሰነበቱት መድኃኒት ዙሪያ ምንም ክብ የለም፤ ጀርሙ ወረቀቱን ተደግፎ በቅሏል። በዋርዱ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሌሎቹም እንዲሁ። ክብ የወጣላቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም በደም ሥር የሚሰጡ፣ አንደኛው ኩላሊትን የሚያስቸግር። እንዲሁ የተፈተነውን የጠርሙሱን ጀርም ሳህን አጠገቡ አስቀመጠችው። አንዱ የሌላው ቅጂ ይመስል ነበር።

ውጤቱን ለሐኪሙ ራሷ አደረሰችው። መድኃኒቱ ያንኑ ዕለት ተቀየረ።

ስለ ጠርሙሱ ግን የላብራቶሪው ኃላፊ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ሰላም ወዳድ ሰው ነው። ሁለቱ ሳህኖች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ ለመሆናቸው ሌላ ምርመራ ይጠይቃል፤ ለማንኛውም ዋና ነርሷን ጠርተን እንንገራት፣ ጠርሙሶቹን ትጣላቸው፣ ነገር አይስፋ አለ። መልሱት አልተቀበለችም። ዋርዱ ውስጥ ቁስላቸው እንቢ ያላቸው ሌሎች በሽተኞች አሉ፣ የእነሱም ሐኪሞች ማወቅ አለባቸው አለች። ሁለቱን ሳህኖች ይዛ በቀጥታ ወደ ሕክምና ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። ያለችው ትክክል ነበር። ይሁንና ከኋላዋ ሆኜ አካሄዷን አይቻለሁ፤ እግሯ ደስ ብሎት ነበር የሚራመደው።

የዋርዱ ጠርሙሶች በሙሉ ተሰብስበው ተጣሉ። ከሌሎቹም በሽተኞች ናሙና ተወሰደ፤ ከአንዳንዶቹ ያው አረንጓዴ ወጣ። አሮጊቷ መድኃኒቱ ትኩሳታቸውን ቢያወርደውም ጀርሙ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ኖሮ ቁስሉ አልደርቅ አለ። እንደገና ቀዶ ሕክምና ገቡና ብረቱ ወጣ። አጥንቱ ከዚያ ወዲያ በትክክል አልገጠመም።

ብረቱ በወጣ ማግሥት መልሱት አንድ ያልታዘዘ ሥራ ስትሠራ አየኋት። ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት ወስዳ ከአሮጊቷ ጀርም ነከረችና ለብቻው በመያዣ አድርጋ ከጠዋት ጀምሮ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ፀሐይ የሚመታው የመስኮት ደፍ ላይ አኖረችው፤ ማንም እንዳይነካው ጽፋ ለጠፈችበት። ከምሳ በኋላ አነሣችው። ጥጡ ክብሪት መስሏል። ሳህን ላይ ቀባችውና ማሞቂያው ውስጥ አስገባችው። ምን እያደረግሽ ነው አላልኳትም፤ ገብቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ሳህኑን ስትከፍተው ዳር እስከ ዳር በቅሏል። ከነቀለሙ፣ ከነሽታው።

ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ አስጠጋችው።

«አየሽው?» አለችኝ።

አየሁት አልኳት። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ወደ መስኮቷ ሄደች። ያን ቀን ስንት ናሙና እንደመለሰች አላውቅም፤ ግን አንድም ሰው ላይ ክፉ ቃል አልተናገረችም።

ስብሰባው የተደረገው በዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። እኔ ናሙናውን አብሬ ስላመጣሁ ተጠርቼ ነበር። ዋና ነርሷ ስለ ጠርሙሱ ተጠየቀች። ግምጃ ቤቱን ደጋግማ መለመኗን ተናገረች፤ የግምጃ ቤቱ ሰው ግን አላስታውስም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ጣቷን ወደ ወንድሟ ሚስት ቀሰረች። ጠርሙሱ የእኔ ጥፋት ይሁን፣ ናሙናውን መልሳ እናቴን ያንን ሁሉ ቀን ያለ መድኃኒት ያስተኛችውስ ማን ናት አለች።

የላብራቶሪው ኃላፊ የደረቀ ናሙና እንዲመለስ የሚያዘው የክፍሉ ደንብ ነው ብሎ ተከላከለላት። ዳይሬክተሩ ግን ዓይናቸውን ከመልሱት ሳያነሡ ጠየቁ። ያን ጊዜ ተቀብለሽው ቢሆን ጀርሙ ይገኝ ነበር? ሊታወቅ አይችልም ብትል ማንም የሚያስተባብላት አልነበረም። ጥጡ ከተጣለ ቆይቷል። የመስኮቱን ደፍ ሙከራ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም አልናገርም ነበር።

«ይገኝ ነበር» አለች። «ሞክሬዋለሁ። በቅሏል።»

ድምፅዋ ያው የመስኮቱ ድምፅ ነው፤ ለራሷም አላለሰለሰችውም። ኃላፊው ወደ ጣራው ቀና አለ። ዋና ነርሷ ግን ልቧ የራራ እንዳይመስላችሁ። አሁን ነው የምትናገሪው አለቻት፤ እናቴ ከተቆራረጠች በኋላ ነው የምትናገሪው። መልሱት አዎ አለች። ሌላ አልተባባሉም። እኔ እስከማውቀው ከዚያ ወዲህም አልተባባሉም።

ዋና ነርሷ ከኃላፊነቷ ወርዳ ወደ ተመላላሽ ሕክምና ተዛወረች። መልሱት ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ከመስኮቱ ተነሣች፤ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፣ ሳቂታ። በድጋሚ በቀላሉ ማግኘት የማይቻል ናሙና ቢደርቅም ከማሳሰቢያ ጋር ይሠራ የሚል ደንብ ወጣ። ያንን ደንብ ያረቀቀችው ራሷ መሆኗን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስታረቅቀው ግን እንደ ቅጣት ነበር የምትጽፈው። የግምጃ ቤቱ ሰው አሁንም እዚያው ነው። ለየዋርዱ አዳዲስ ጠርሙሶች መጥተዋል።

አሮጊቷ ከሆስፒታል ሲወጡ አንድ እግራቸው አጥሮ፣ በመደገፊያ ብረት ነው። የራሳቸው ቤት ደረጃ አለው። የሴት ልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ የሌለው ቤት ያለው ልብስ ሰፊው ልጃቸው ብቻ ሆነና እዚያ ገቡ። መልሱት የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ አስፈርሳ ጠበቀቻቸው። አሮጊቷም አይተውት የበፊቱ ምን ነበረበት አሉ።

አሁን በአንድ ቤት ይኖራሉ። ቁስሉን በየጊዜው የምታየው ምራታቸው ናት፤ ከመንካቷ በፊት ትታጠባለች፣ ከነካችም በኋላ ትታጠባለች፤ እሳቸው ሁለቱንም ይቆጥሩባታል። ባልየው በመሃል ሆኖ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ከሚስቱ ጋር ተመልሶ መነጋገር ጀምሯል፤ ስለ ውኃና ስለ መብራት። ሴት ልጃቸው እናቷን ለመጠየቅ የምትመጣው የወንድሟ ሚስት ሥራ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። የተመላላሽ ሕክምናው ሥራ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ በመሆኑ ግን ይህ አስቸጋሪ ሆነ።

በቀደም መልሱት ሥራ አልቆ ሁላችንም ስንወጣ ከወንበሯ አልተነሣችም። ጋዋኗን አውልቃለች፣ ጠረጴዛዋን አጽድታለች፣ ማሞቂያውን አይታለች፤ የቀራት ነገር የለም። ለምን አትሄጂም አልኳት። አማቷ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «ዛሬ ከሥራ በኋላ ልጄ ትመጣለች፣ አምሽተሽ ግቢ» ብለዋታል።

«ታዲያ ልታመሺ ነው?»

«እያመሸሁ ነው» አለች።

ሻይ ልጋብዝሽ አልኳት። አልፈልግም አለችኝ። መብራቱን ልተውልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አጥፊው አለች። አጥፍቼላት ሄድኩ።